ጅራቱ ይወዛወዛል፣ ሮቦቱ ግን አይሄድም
የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ የውሃ እንስሳትን አስመስለው ስለሚሠሩ ሮቦቶች

ለዚህ እትም የመረጥናቸው ጥያቄዎች ሁሉ ከመሀል አዲስ አበባ የደረሱን ናቸው። አብዛኞቹ ጠያቂዎች ጀምረውት አንድ ቦታ ላይ የቆመባቸው ሥራ ስላላቸው ንድፈ ሐሳቡን አሳጥረን ወደ ብሎኑና ወደ ሽቦው ገብተናል።

ጥያቄ፦ አምስት ኪሎ የምንማር ሦስት ጓደኛሞች ነን። 40 ሴንቲ ሜትር የሚረዝም የዓሣ ሮቦት ሠርተናል። ጅራቱን የሚመታው አንድ ኤም ጂ 996 አር ሰርቮ (የታዘዘው አንግል ላይ ሄዶ የሚቆም ሞተር) ነው። ጅራቱ ጥሩ ይወዛወዛል፤ ጭንቅላቱም ግን የዚያኑ ያህል ስለሚወዛወዝ ወደፊት በሰከንድ 15 ሴንቲ ሜትር የሚሄደው በመከራ ነው። ጉልበት ያለው ሞተር እንግዛ?

መልስ፦ አትግዙ። የጎደላችሁ ጉልበት አይደለም። ጅራቱ ውሃውን ወደ ጎን ሲገፋ ውሃውም ሰውነቱን በተቃራኒው ይገፋዋል። ይህን የሚቋቋም ነገር ከፊት ከሌለ ጭንቅላቱ ይዞራል፤ የሞተሩም ድካም እዚያው ይቀራል። ከዓሣ ቤት አንድ ሙሉ ቆሮሶ ግዙና ከጎንም ከላይም እዩት። ከጎን ሲያዩት ሰፊ፣ ከላይ ሲያዩት ቀጭን ነው። ክብደቱ ወደ ፊት ያደላል። የጅራቱ ክንፍ ከመዘርጋቱ በፊት ደግሞ ሰውነቱ ይቀጥናል። ክብ ቱቦ ላይ የተሠራ ሮቦት ከነዚህ አንዱም የለውም።

ስለዚህ መጀመሪያ ባትሪውንና ማመጣጠኛ ክብደቱን ወደ አፍንጫው አስጠጉ። ቀጥሎ ከፊተኛው ሲሶ ላይ ከላይም ከታችም ከ4 እስከ 5 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ያለው ቀጥ ያለ ክንፍ አድርጉ፤ ጠንካራ ፕላስቲክ ይበቃል። ከሰርቮው እስከ ጅራቱ ክንፍ ያለውን ክፍል አቅጥኑት። እዚያ ያለ ሰፊ ገጽ ወደ ጎን ብቻ ስለሚገፋ ጭንቅላቱን ከማወዛወዝ በቀር ጥቅም የለውም።

ከዚህ በኋላ ምቱን በቁጥር ፈትሹት። በሰከንድ የሚመታውን ብዛት በጅራቱ ጫፍ የግራ ቀኝ ስፋት አባዙትና ለፍጥነቱ አካፍሉት። ይህ የስትሩሃል ቁጥር ይባላል። ቀልጥፈው የሚዋኙ እንስሳት ዘንድ አብዛኛውን ጊዜ ከ0.2 እስከ 0.4 ባለው ውስጥ ይገኛል። ጅራታችሁ በሰከንድ 1.5 ጊዜ ቢመታና ጫፉ 8 ሴንቲ ሜትር ቢሄድ፣ በ15 ሴንቲ ሜትር ፍጥነት ቁጥሩ 0.8 ይሆናል። ውሃውን እያማሰላችሁት ነው እንጂ እየገፋችሁት አይደለም ማለት ነው። በዚያው ምት ቁጥሩ ወደ 0.3 እንዲወርድ ፍጥነቱ 40 ሴንቲ ሜትር መድረስ አለበት። ለመጀመሪያ ሥራ 40 ላይ መድረስ ይከብዳል፤ 25 ከደረሳችሁ ግን ቅርጹ ተስተካክሏል በሉ።

ምቱን በማፍጠን ችግሩን ለመሸፈን መሞከር አያዋጣም፤ ሰርቮው ራሱ አይከተላችሁም። ይህ ሰርቮ በ6 ቮልት ያለ ጭነት 60 ዲግሪ ለመዞር 0.14 ሰከንድ ይፈልጋል፤ በሰከንድ 430 ዲግሪ ገደማ ማለት ነው። ግራና ቀኝ 25 ዲግሪ እያለ በሰከንድ 2 ጊዜ ለመምታት መሀል ላይ ሲያልፍ ወደ 315 ዲግሪ ፍጥነት ይጠበቅበታል። ውሃ ውስጥ ጭነት አለበትና አይደርስም፤ ዳር ሳይነካ ይመለሳል፣ ይግላል። በ1.5 ምት የሚጠበቅበት 235 ገደማ ስለሆነ ይችለዋል።

ፕሮግራማችሁን ደግሞ እዩት። «65 ዲግሪ ሂድ፣ ጠብቅ፣ 115 ዲግሪ ሂድ» የሚል ከሆነ ጅራቱ በጥፊ መልክ ይመታል፤ በየምቱ መነሻ የባትሪው ቮልቴጅ ይወርድና አርዱይኖው (ሰርቮውን የሚያዘው ትንሽ የኮምፒውተር ሰሌዳ) ራሱን አጥፍቶ ይነሳል። አንግሉን በሳይን ቀመር እያሰላችሁ በየ20 ሚሊ ሰከንዱ ላኩ። የሰርቮውን ኃይል ከአርዱይኖው 5 ቮልት እግር አትሳቡ። ሲታነቅ 2.5 አምፒር ስለሚጠጣ የራሱ የቮልቴጅ መቀነሻ ያስፈልገዋል። ኔጋቲቩን የጋራ አድርጉና ከሰርቮው ሥር 1000 ማይክሮ ፋራድ ካፓሲተር ጨምሩ።

የጅራቱ ክንፍ ከምን ይሠራ ለሚለው፣ ከተማ ውስጥ በቀላሉ የሚገኘውና ጥሩ የሚሠራው ያረጀ የራጅ ፊልም ነው። ሥሩ ላይ ሦስት ድርብ፣ መሀሉ ላይ ሁለት፣ ጫፉ ላይ ነጠላ አድርጋችሁ ለጥፉት። በጣም ከጠነከረ ጭንቅላቱ መወዛወዙን ይቀጥላል፣ ሰርቮውም ይግላል። በጣም ከላላ ሥሩ ሄዶ ሲመለስ ጫፉ ገና ያልተንቀሳቀሰ ይሆናል። ሦስት ዓይነት ጥንካሬ አዘጋጅታችሁ 2 ሜትር የሚዋኙበትን ሰዓት ለኩ፤ በዓይን መፍረድ እዚህ ላይ ያሳስታል፣ ብዙ ውሃ የሚረጨው ሁልጊዜ የሚፈጥነው አይደለም።

ጥያቄ፦ ሜክሲኮ አካባቢ ያለን የወጣቶች ክበብ ነን። ሮቦታችን ሳፋ ውስጥ አንድ ሰዓት ቢቆይ ውሃ አይገባውም። መዋኛ ገንዳ ሲገባ ግን አሥር ደቂቃ ሳይሞላ ውስጡ ይረጥባል። ሲሊኮን ደጋግመን ቀብተናል። ከዚህ በላይ ምን እናድርግ?

መልስ፦ ሲሊኮኑን ተዉት። ውሃ የሚገባባቸው ቦታዎች ይታወቃሉ፤ በየተራ እንያቸው።

መጀመሪያ ግፊቱን እወቁ። ሳፋው 20 ሴንቲ ሜትር፣ ገንዳው 2 ሜትር ጥልቀት ቢኖረው ግፊቱ አሥር እጥፍ ነው። ዲያሜትሩ 75 ሚሊ ሜትር የሆነ ክዳን በ2 ሜትር ጥልቀት ላይ 9 ኪሎ ያህል ክብደት ይጫነዋል። ከቱቦው ጎን የተቀባ ሲሊኮን ይህን ይችላል፤ የማይችለው ቀስ በቀስ የሚላቀቀው ጠርዝ ነው።

የሙቀቱን ነገር ብዙ ሰው ይረሳዋል። ሮቦቱን ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ላይ 35 ዲግሪ በሞቀ አየር ዘግታችሁ 18 ዲግሪ ውሃ ውስጥ ብትከቱት የውስጡ አየር ይሰበሰባል። በአዲስ አበባ ከፍታ ይህ ብቻውን 40 ሴንቲ ሜትር ውሃ የሚያህል ተጨማሪ መሳብ ይፈጥራል። ስለዚህ ጥላ ውስጥ ዝጉት። እግረ መንገዳችሁን ከጫማ ካርቶን የሚገኘውን የሲሊካ ጄል ከረጢት አስገቡበት። «ረጠበ» የተባለው አንዳንዴ ከውጭ የገባ ውሃ ሳይሆን የውስጡ አየር እርጥበት ቀዝቅዞ ያላበው ነው። ጠብታው ግድግዳው ላይ ተበትኖ ከሆነ ላብ ነው፤ አንድ ጥግ ላይ ከተጠራቀመ ቀዳዳ ፈልጉ።

ሽቦዎቹ ደግሞ አሉ። ባለ ብዙ ክር ሽቦ በላስቲኩ ውስጥ ውሃ ይስባል፤ ውጭ ያለው ጫፍ ከረጠበ ውሃው በክሮቹ መሀል ተጉዞ ሳጥኑ ውስጥ ይወጣል። ውጭውን ምንም ያህል ብትቀቡት አይቆምም። ሽቦው በሳጥኑ ግድግዳ በሚያልፍበት ቦታ ላስቲኩን 1 ሴንቲ ሜትር ላጡ፣ የተላጠውን በሳልዳቶሬ አሙቁና ስታኞ እስኪጠግብ ድረስ አጠጡት፣ ከዚያ ቀዳዳውን በኢፖክሲ ሙሉት።

ሲሊኮን መጠቀም ካለባችሁ ሲከፈት ኮምጣጤ ኮምጣጤ የሚሸተውን ኤሌክትሮኒክስ አጠገብ አታድርሱት። የሚለቀው አሲድ መዳብ ይበላል። የማይሸት፣ ገለልተኛ የሚባለው ዓይነት አለ፤ እሱን ጠይቁ።

ትልቁ ጥፋተኛ ግን የሚሽከረከረው የሰርቮ ዘንግ ነው። ለዚህ ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው ቶርኖ ቤት ሄዶ ነው። ለ6 ሚሊ ሜትር ዘንግ የናስ ቱቦ አስቆርጣችሁ ሁለት ኦሪንግ (ቀለበት የሚመስል የጎማ ማሸጊያ) ታስቀምጡበታላችሁ፤ በሁለቱ መሀል ግሪስ ይሞላል። ለሚንቀሳቀስ ዘንግ ኦሪንጉ ከውፍረቱ ከ10 እስከ 15 በመቶ ቢጨመቅ ይበቃዋል። ከዚያ በላይ ካጠበቃችሁት የሰርቮውን ጉልበት ይበላል። ዘንጉ ላይ የሚታይ ጭረት ካለ ደግሞ የትኛውም ኦሪንግ አያድነውም፤ በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት አለስልሱት።

ሁለተኛው መንገድ ለእናንተ የተሻለ ይመስለናል፤ ሰርቮውን ውሃ ውስጥ መተውና ውስጡን በዘይት መሙላት። ዘይት አይጨመቅምና የውሃው ግፊት የሚገፋበት ባዶ ቦታ አያገኝም። ከፋርማሲ ፓራፊን ዘይት ግዙ። አራቱን ብሎን በካቻቢቴ ፍቱ፣ ሰርቮውን በሙሉ ዘይቱ ውስጥ ንከሩት፣ አረፋ መውጣቱ እስኪያቆም ዘንጉን በእጅ ቀስ እያላችሁ አዙሩ፣ እዚያው ዘይቱ ውስጥ እንዳለ ዝጉት። ሽቦው የሚወጣበትን በኢፖክሲ ድፈኑ። ሰርቮው ትንሽ ይዘገያል፤ ይህ ዋጋው ነው። የምግብ ዘይት አይሆንም፣ ይረጋል፣ ይሸታል። የፍሬን ዘይት ደግሞ ፕላስቲኩን ስለሚያጠቃ ፈጽሞ አይሞከርም።

ዘንጉን በብስክሌት የውስጥ ጎማ የሸፈናችሁ ከሆነ ቫዝሊን አትቀቡት። ጎማው ይነፋና ይላላል። የሲሊኮን ግሪስ ነው የሚያስፈልገው።

ከመጨረሻው ማሸግ በኋላ ገንዳ ድረስ አትልፉ። በሳፋ 45 ዲግሪ የሚሞቅ ውሃ አድርጉና የተዘጋውን ሮቦት ባትሪውን አውጥታችሁ ንከሩት። የውስጡ አየር ሲሞቅ ግፊቱ 65 ሴንቲ ሜትር ውሃ ያህል ይጨምራል፤ ቀዳዳ ካለ አረፋ ተከታትሎ ይወጣል። አረፋው የወጣበትን በብዕር ምልክት አድርጉ።

ጥያቄ፦ ፒያሳ ነው የምኖረው፣ አሥራ አንደኛ ክፍል ነኝ። በ110 ሚሊ ሜትር የፍሳሽ ቱቦ የሠራሁት ዓሣ ምንም ብጨምርበት አይሰምጥም። ሲሰምጥ ደግሞ ይገለበጣል።

መልስ፦ ቱቦሽ ትልቅ ነው። 25 ሴንቲ ሜትር የሚረዝም ባለ 110 ቱቦ 2.4 ሊትር ያህል ውሃ ስለሚያፈናቅል ሮቦትሽ በጠቅላላ 2.4 ኪሎ እስኪመዝን አይሰምጥም። ያንኑ ርዝመት በባለ 75 ቱቦ ብትሠሪው የሚፈለገው 1.1 ኪሎ ብቻ ነው። ሰርቮው 55 ግራም፣ ሁለት 18650 የሚባል የሊቲየም ባትሪ ተደምሮ ከ100 ግራም በታች ነው፤ የቱቦው ራሱ ክብደት ከተቀነሰ በኋላ የሚቀረውን በማመጣጠኛ ትሞዪዋለሽ። ለዚህ ጎሚስታ ቤት የሚጣለው የጎማ ባላንስ እርሳስ ጥሩ ነው። በፕላስተር ጠቅልዪው፣ ከነካሽው በኋላ እጅሽን ታጠቢ። አሁን ብዙዎቹ ከብረት ወይም ከዚንክ ስለሚሠሩ ቦታ ይይዛሉ፤ ስትገዢ በጥፍርሽ ሞክሪው፣ እርሳስ ይጫራል።

የሚገለበጠው ክብደቱ መሀል ላይ ስለሆነ ነው። ባትሪና እርሳስ ሁሉ ወለሉ ላይ ይሁን፣ ጣሪያው ሥር አየር ወይም ስታይሮፎም ይቅር። ክብደቱንም እንዳይንሸራተት እሰሪው። ወደ አፍንጫ የተንሸራተተ 50 ግራም ዓሣውን በአፍጢሙ ይተክለዋል። በመጨረሻ ከ10 እስከ 15 ግራም ያህል ቀልሎ እንዲንሳፈፍ ተዪው። ባትሪው ቢያልቅ ራሱ ይወጣል፤ ሲዋኝ ደግሞ የደረት ክንፎቹን ከ10 እስከ 15 ዲግሪ ወደ ታች ካዘነበልሽ ይጠልቃል።

ጥያቄ፦ ብሉቱዙ ዓሣው ጥልቅ ሲል ይቋረጣል። አንቴና ልቀይር? ከአራት ኪሎ።

መልስ፦ አንቴና አያድንም። የብሉቱዝና የዋይፋይ ሞገድ ውሃ ውስጥ በጥቂት ሴንቲ ሜትር ውስጥ ይዋጣል። ቀላሉ መፍትሔ ቀጭን ባለ አራት ክር ሽቦ እስከ ላይ መዘርጋት ነው፤ አንቴናውን በሽቦ ስቦ ውሃ ላይ በሚንሳፈፍ ቡሽ ማሰርም ይሠራል። የማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2018 ይፋ ያደረጉት ሶፊ የተባለው ለስላሳ ዓሣ ሮቦት ፊጂ ባሕር ውስጥ ጠላቂዎች ሲመሩት ትእዛዝ ይቀበል የነበረው በድምፅ ሞገድ ነው።

ጥያቄ፦ መርካቶ የሞተር ጥገና ሠራተኛ ነኝ። ፕሮፔለር እያለ ይህ ሁሉ የጅራት ጣጣ ለምንድን ነው? ዓሣ ከፕሮፔለር ይበልጣል የሚሉት እውነት ነው ወይስ ወሬ?

መልስ፦ ከፊሉ ወሬ ነው፣ ልክ ብለዋል። ወሬው የጀመረው እንግሊዛዊው የእንስሳት ተመራማሪ ጀምስ ግሬይ እ.ኤ.አ. በ1936 ከጻፈው ነው። ዶልፊን በሚታየው ፍጥነት ለመዋኘት ከጡንቻው የሚጠበቀውን ሰባት እጥፍ ያህል ኃይል ያስፈልገዋል ብሎ አሰላ። ስሌቱ ኋላ ሲመረመር የጡንቻው አቅም ዝቅ ተደርጎ የተገመተ ሆነ፤ ጥያቄው ግን ብዙ ተመራማሪ ወደ ውሃው ሳበ። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ አጋማሽ ሚካኤል ትሪያንታፊሉና ባልደረቦቹ እዚያው የማሳቹሴትስ ተቋም ሮቦቱና የሚባለውን የቱና ዓሣ ቅጂ ሠርተው በሙከራ ገንዳ እየጎተቱ ለኩት።

እውነቱ እንዲህ ነው። በደንብ የተሠራ ትልቅ ፕሮፔለር በተሠራለት ፍጥነት ሲሄድ ጅራት በቀላሉ አይበልጠውም። ቀጥ ብሎ ረጅም መንገድ ለሚሄድ መሣሪያ እኛም ፕሮፔለር እንመክራለን። ግድብ ግድግዳ ፊት ቆሞ በካሜራ ለማሳየትም ቢሆን የዓሣ ሮቦት አይሆንም፤ በጅራት ብቻ የሚገፋ ሮቦት ሳይሄድ አቅጣጫውን መምራት አይችልም።

ጅራትና ክንፍ የሚያሸንፉት ሌላ ቦታ ነው። ጣና ላይ እምቦጭ ባለበት ዳር ፕሮፔለር ያስገቡ እንደሆነ ሥሩ ይጠመጠምበታል፤ የሚወዛወዝ ክንፍ ግን አብዛኛውን ጊዜ ገፍቶት ያልፋል። ደለል ባለበት ወለል አጠገብ ፕሮፔለር ጭቃውን አንስቶ ካሜራውን ያሳውረዋል። የኢስቶኒያው የታሊን ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ የሰመጡ መርከቦችን ለመፈተሽ የሠራው ዩ-ካት ለዚህ ነው ኤሊን የመሰለው። አራት ክንፎቹ እያንዳንዳቸው ለየብቻ ይዞራሉ፤ ባለበት ይዞራል፣ ወደ ኋላም ይሄዳል።

ጥያቄ፦ ካሳንቺስ ነዋሪ ነኝ። የ12 ዓመት ልጄ የሚዋኝ ሮቦት ካልሠራሁ እያለች ነው። ወጪውም አደጋውም እንዳይበዛ ምን ላድርግላት?

መልስ፦ እናት፣ ሰርቮና ሊቲየም ባትሪ ለጊዜው ይቆዩ። ግማሽ ሊትር የሃይላንድ ጠርሙስ፣ ቢጫ ባለ ጥርስ ትንሽ ሞተር፣ ሦስት ተራ የእጅ ባትሪ ድንጋይና የራጅ ፊልም ቁራጭ ይበቃሉ። ሞተሩ ከጠርሙሱ ጀርባ ላይ፣ ከውሃ በላይ ይቀመጥ፤ ዘንጉ ላይ የሚገጠም ትንሽ ክራንክ የጅራቱን ዱላ ግራና ቀኝ ይገፋዋል። እንዲህ ሲሆን የሚሽከረከር ነገር በጠርሙሱ አያልፍምና የማሸግ ጣጣ የለም። ጠርሙሱ ውስጥ ከ300 ግራም ያላነሰ አሸዋ በፌስታል ታስሮ ይግባ፤ አለዚያ ጅራቱ አየር ይመታል። የሚሞከረው በሳፋ ወይም አፉ ሰፊ በሆነ በርሜል ነው፤ ሮቶ ላይ አትውጣ። አንድ ነገር ብቻ በጥብቅ፦ ግድግዳ ላይ የሚሰካ ማንኛውም አዳፕተር ውሃው አጠገብ አይድረስ። ወደፊት ሊቲየም ስትጀምር ደግሞ ውሃ የገባው ባትሪ ደርቆ እንኳ ተመልሶ ቻርጅ አይደረግም።

ጥያቄ፦ እዚህ ለክተን ያመጣጠንነው ሮቦት ጅቡቲ ባሕር ላይ ይሠራል? ከቸርችል ጎዳና።

መልስ፦ ሁለት ነገር ይቀየራል። የባሕር ውሃ ከባድ ስለሆነ 2 ሊትር የሚያፈናቅል ሮቦት 50 ግራም ያህል ይቀላል፤ ተጨማሪ እርሳስ ይያዙ። ሁለተኛው፣ አዲስ አበባ ላይ የዘጉት አየር ግፊቱ ወደ 77 ኪሎ ፓስካል ነው፣ ባሕር ዳርቻ ያለው ግን 101። ውሃው ሳይነካው ገና ጠረጴዛ ላይ እያለ 2.5 ሜትር የጠለቀ ያህል ይጫነዋል። እዚያ ደርሰው ከፍተው መልሰው ይዝጉት። ለጥልቅ ባሕር ግን ጠንካራ ሳጥን መንገዱ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2021 የቻይናው ጄጂያንግ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ማሪያና ገደል ውስጥ 10,900 ሜትር ላይ ክንፉን ያርገበገበ ለስላሳ ሮቦት ሲያሳዩ ሳጥን አልተጠቀሙም፤ የኤሌክትሮኒክስ ክፍሎቹን በታትነው ሲሊኮን ውስጥ ቀበሯቸው።

ጥያቄ፦ የውጭ ቱናና ሻርክ ብቻ ነው የሚቀዳው። ከአገራችን ዓሣ ለሮቦት የሚሆን የለም? ስድስት ኪሎ።

መልስ፦ አለ፣ ያውም ከቱና የሚሻል። ጋምቤላ ባሮ ወንዝ ውስጥ ጂምናርከስ ኒሎቲከስ የሚባል ረጅም ዓሣ ይኖራል። የጅራት ክንፍ የለውም፤ ጀርባው ላይ ያለውን ረጅም ክንፍ በሞገድ እያስኬደ ሰውነቱን ቀጥ እንዳደረገ ይዋኛል። ሞገዱን ሲገለብጠው ሳይዞር ወደ ኋላ ይሄዳል። በጭቃ ውሃ መንገዱን የሚያገኘው ከራሱ በሚወጣ ደካማ የኤሌክትሪክ ምልክት ነው፤ ይህን የእንስሳት ተመራማሪው ሀንስ ሊስማን እ.ኤ.አ. በ1951 ነው ይፋ ያደረገው። ሰውነቱን ቀጥ ማድረጉ ለሮቦት ሠሪ ትልቅ ነገር ነው፤ ሳጥኑ አይታጠፍም፣ ካሜራውም አይወዛወዝም።

ለመሥራት 8 ባለ 9 ግራም ሰርቮ በ3 ሴንቲ ሜትር ርቀት ደርድር፣ እያንዳንዱ ላይ 6 ሴንቲ ሜትር ዘንግ ትከል፣ ሁሉንም ግራና ቀኝ 30 ዲግሪ እያሉ በአንድ ዓይነት ሳይን አስኪድ፤ ግን እያንዳንዱ ከፊቱ ካለው በ45 ዲግሪ ፌዝ (በሙሉ ምት ስምንተኛ) ይዘግይ። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ዘንግ 7 ጊዜ 45፣ 315፤ ክንፉ ላይ አንድ ሙሉ ሞገድ ሊሞላ ጥቂት ይቀረዋል። ወደ ኋላ እንዲሄድ የ45ቱን ምልክት ወደ ኔጋቲቭ ቀይር፤ ሌላ ምንም አይነካም። ሰርቮዎቹ አንድ ላይ ቢታነቁ ከ5 አምፒር በላይ ይጠጣሉና መቀነሻው ያንን የሚችል ይሁን።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ሽፋኑ ላይ ነው። ቀጥ ያለ ላስቲክ ዘንጎቹ ላይ ወጥሮ ይለጥፍና ሰርቮዎቹ እርስ በርስ ሲጎተቱ ይውላሉ። በዚህ መጠን ሁለት ጎረቤት ዘንጎች እስከ 23 ዲግሪ ይለያያሉ፤ በጫፋቸው ያለው ርቀት ከ3 ወደ 3.8 ሴንቲ ሜትር ይሰፋል። ስለዚህ የሽፋኑ የታችኛው ጠርዝ 21 ሴንቲ ሜትር ከሆነ የላይኛው 27 መሆን አለበት። ቅርጹን መጀመሪያ በወረቀት ቅደድና ዘንጎቹን በእጅህ እያንቀሳቀስክ ሞክረው፤ ወረቀቱ አንድ ቦታ ከተወጠረ ላስቲኩም እዚያው ይወጠራል።